በሁለት ወንበር መኪና ወደ ትንንሾቹ ባቡሮች ከተማ

ከፍራንክፈርት እስከ ሽቱትጋርት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓርብ በማለዳ ስነሣ ከምሳ በፊት እንደምገባ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስድስት ሰዓት ሲሆን ገና ሃይልብሮን አጠገብ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ተገትሬ ነበር። ጀርመን ውስጥ የፍጥነት ገደብ የሌለበት መንገድ አለ ሲባል የሰሙ የአገር ቤት ዘመዶቼ እኔ ዘወትር የምበር ይመስላቸዋል። መኪናዬ የ1991 ሞዴል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ ሁለት ወንበር፣ የጨርቅ ጣሪያና የእጅ ማርሽ ያላት ሲሆን፣ ዝናብ ሲጥል በጣሪያዋ ስፌት እያንጠባጠበች ግራ ትከሻዬን ታረጥበዋለች። ባለቤቴ «ሁለት ቀን ሙሉ ለአሻንጉሊት ብለህ ነው?» ብላ አብራኝ ለመምጣት እምቢ ስላለች፣ በባዶው ወንበር ላይ በፎጣ የጠቀለልኋትን አንዲት ትንሽ ጥቁር የአሻንጉሊት ባቡር አስቀምጬ ቀበቶ አስሬላት ነበር።

በሽቱትጋርት ጹፈንሃውዘን ሰፈር ወደሚገኘው የፖርሽ መኪና ሙዚየም የደረስሁት ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ከተሠራችው፣ 356 ከተባለው ሞዴል ከመጀመሪያዋ መኪና ፊት ብዙ ቆየሁ። ክብደቷ 585 ኪሎ ብቻ በመሆኑ 35 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ትሮጥ ነበር፤ ቀላል መኪና ጉልበት አያስፈልጋትም እያልሁ ከጓደኞቼ ጋር የምከራከረውን ሰው ይህ ደስ ማሰኘቱ አይቀርም። ያሳቀኝ ግን 917 የተባለችው ሮዝ የሩጫ መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 በሌ ማን የሃያ አራት ሰዓት ውድድር ላይ ስትሰለፍ፣ ሰፊ አካሏን እንደ አሳማ ቆጥረው ሉካንዳ ቤት ሥጋ እንደሚከፋፈል በነጠብጣብ መስመር ከፋፍለው በየክፍሏ ላይ የብልቱን ስም ጽፈውባታል። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ሻኛ፣ ሽንጥ፣ ታላቅና ታናሽ ተብሎ ይጻፍባት ነበር ብዬ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የቆመች እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። ሆኖም ሁለት ሰዓት ያህል እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ስዞር ቆይቼ ስወጣ፣ ማድቤት ሽታው ደርሶት ማዕድ እንዳልቀረበለት ሰው ነበርሁ። የሩጫ መኪና ወዳጅ መሆን ለእንደኔ ዓይነቱ ደመወዝተኛ በአብዛኛው ማየት ነው።

ወደ ትንንሾቹ ባቡሮች ከተማ ወደ ጎፒንገን የሄድሁት በዚያው ምሽት ነው። ስለ መንገዱ ከዝናቡ በቀር የማስታውሰው የለኝም። ያረፍሁበት ቤት ለአንድ ሌሊት 79 ዩሮ ተነግሮኝ ነበር፤ ጠዋት ሂሳብ ስጠይቅ ግን ለመኪና ማቆሚያ ሌላ 15 ዩሮ ተጨምሮበት አገኘሁት፤ ቦታው ጣሪያ እንኳ የለውም። መስኮቱ በደንብ ስለማይገጥም የዕቃ ባቡሮች ባለፉ ቁጥር የውኃ ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫ ነበር። ባቡር ለማየት ብዬ መጥቼ ሌሊቱን ሙሉ ባቡርን ስራገም አደርሁ።

ጎፒንገን የአሻንጉሊት ባቡር ሠሪው የሜርክሊን ከተማ ናት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1859 የአሻንጉሊት ማድቤት ዕቃ በቆርቆሮ በመሥራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ሐዲዱ ባለ ስምንት ቁጥር ቅርጽ የሆነ፣ በሚጠመዘዝ ሞላ የሚሄድ ባቡር አቀረበ። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰው ነው። እኔ ድሬዳዋ ከምድር ባቡር ሠራተኛ የተወለድሁ ስለሆንሁ፣ አባቴ ከጋራዥ ሲመለስ ልብሱ ላይ የነበረውን የግራሶ ሽታ በኩባንያው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ አፍንጫዬ ሳላስበው ይፈልግ ነበር።

በፎጣ የጠቀለልኋት ባቡር ከፍራንክፈርት የአሮጌ ዕቃ ገበያ በ25 ዩሮ የገዛኋት ናት፤ ወደ ፊት እየተንቀጠቀጠች ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ ግን አትሄድም። መሸጫ ክፍሉ ውስጥ ካለው የመሞከሪያ ሐዲድ ላይ ሳስቀምጣት፣ ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ጡረተኛ አዛውንት «ይፈቅዱልኛል?» አሉና አንሥተው ገለበጧት። ከሆዷ ሥር ያለችውን ረጅም ቆርቆሮ አሳዩኝ፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በተደረደሩት ነጥቦች ላይ እየተንሸራተተች ኤሌክትሪኩን ወደ ባቡሯ የምታስገባው እርሷ ናት። ከዚያም ሞተሩን አሸተቱትና ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል አሉ። ከሸሚዛቸው ኪስ ትንሽ ካቻቢቴ አውጥተው ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ሁለት ካርቦኖች ፈቱ፣ በአልኮል ጠረጉ፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት ብቻ ጨመሩ። የትራንስፎርመሩን እጀታ ከዜሮ ወደ ግራ ሲጫኑት የ24 ቮልት ኃይል ለቅጽበት ገብቶ በባቡሯ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ሄደች። ድሬዳዋ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አሥራ አምስት መካሪ ይከበን ነበር፤ እዚህ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየንም። ከቡና በቀር ምንም አልቀበልም አሉኝ።

ቡናው ላይ ያደግሁበትን የባቡር መስመር ቤቴ ውስጥ መሥራት እንደምፈልግ ስነግራቸው በመጀመሪያ የጠየቁኝ የሐዲዱን ስፋት ነበር። አንድ ሜትር ነው አልኋቸው። የሜርክሊን ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ስፋት ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ባቡር በዚህ ሐዲድ ላይ ይሄዳል፣ የአባቴ ግን አይሄድም። ለእርሱ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገኛል፤ ባቡሩንም ራሴ መሥራት ይኖርብኛል። እንዲህ ያለውን ሐዲድ ከስዊዘርላንድ ተራራ ባቡሮች ሞዴል ጋር የሚሠራው ቤሞ የተባለ ኩባንያ ደግሞ የሚገኘው፣ ትናንት ማታ በዝናቡ ውስጥ በአጠገቧ ባለፍሁባት በኡሂንገን ነው ብለው ሳቁ።

ስመለስ የኡሂንገንን ምልክት አይቼ ከአውራ ጎዳናው ወጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ከተማው ጭር ብሏል። ዝናቡ ቆሞ ስለነበር ጣሪያውን ከፍቼ ጣቢያው ፊት አቆምሁና ለባለቤቴ ደውዬ የሳሎኑን ጠረጴዛ እንድትለካልኝ ለመንኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ቁመቱን ነው ወርዱን?» አለችኝ።