ኡምብሪያ ቤት ልናይ ሄደን

ዛሬ ከሮም ወደ ኡምብሪያ ክልል ወጣን። ቶዲ ከተማ አካባቢ፣ ገጠር ውስጥ፣ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው አዲስ ቤት ልናይ። ዙሪያው ወይራ ነው። ባለቤቴ ገና ከመኪና ሳይወርድ ጎመን የሚተክልበትን ቦታ መረጠ!

የጣሊያን ገጠር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። በርካሽ ተገዝቶ ዕድሜ ልክ የሚታደስ። እኔ አቅሙም ትዕግሥቱም የለኝም። አዲሱ ቢወደድም ሙቀት ይይዛል፤ የክረምቱ የማሞቂያ ወጪ ኪስ አያራቁትም።

ታክሱም ይለያል። አዲስ ቤት ከገንቢው ሲገዛ ቫት አለው። መደበኛ ቤት ከሆነ 10 በመቶ፤ የመጀመሪያ መኖሪያ ቤት ተብሎ ከተያዘ 4 በመቶ። 4 በመቶውን ከፈለግን በ18 ወር ውስጥ ነዋሪነታችንን ከሮም ወደዚያው ማዘጋጃ ቤት ማዛወር አለብን። ባለቤቴ ጎመኑን እንጂ ይሄን አላሰበም።

ዋናው ነገር ግን ዋስትናው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የጣሊያን ሕግ ግንባታው ሳያልቅ ገንዘብ የሚቀበል ገንቢ የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሲያስረክብ ደግሞ ለከባድ የግንባታ ጉድለት የ10 ዓመት መድን። ሻጩን ስለዚህ ስጠይቀው ስለ ፀሐይ መጥለቂያው ያወራልኝ ጀመር። እውነት ነው፣ እይታው ልብ ይሰርቃል። ግን ወረቀቱን ሳላይ አንድ ዩሮ አልከፍልም አልኩት። «ሰኞ እልካለሁ» ብሏል።

ሮም ያላችሁ፣ ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ኖታዮ (የቤት ሽያጭ ውል የሚያጸድቅ የሕግ ባለሙያ) የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።