ከልጃችን ጋር ሐረጎን ስንወርድ

ዛሬ ቅዳም ሥዑር፣ ትንሣኤን ከእናቴ ጋር ለማክበር የሁለት ዓመት ልጃችንን ይዘን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ ለሕፃን ቀላል አይደለም። ለገና ስንሄድ ወተት እንደ ጠጣች ስለ ተሳፈርን አስመለሳት፤ ከዚያም ጆሮዋን ይዛ እስክንደርስ አለቀሰች። ያ ለቅሶ ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ ዛሬ ጠግባ ተኝታ በራሷ ጊዜ እስክትነቃ ጠብቀን ተነሣን። ወደ ቆላ ሲወረድ የአየሩ ግፊት እየጨመረ ጆሮን ይደፍናል፤ መዋጥ ግን የጆሮን ውስጠኛ ቱቦ ስለሚከፍት፣ ባለቤቴ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ውኃ በትንሽ በትንሹ ታጎነጫት ነበር። እሷም በየጉንጩ መካከል በመስኮቱ እያየች «መኪና! መኪና!» ትላለች። የደሴ ብርድ ያስለበሳትን ሹራብ ኮምቦልቻ ስንቃረብ አወለቅንላት። ሾፌሩንም ሳላመሰግን አላልፍም፤ ገና ከመነሻው «ልጅ ስለያዛችሁ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ብሎን ቃሉን ጠበቀ።

እናቴ ቄጠማዋን በራሷ ላይ አስራ በር ላይ ጠበቀችን፤ ልጃችንም ሳታለቅስ እቅፏ ውስጥ ገብታ ቄጠማውን መንካት ጀመረች።