የአጎቴ ኢንሱሊን

ቅዳሜ ዕለት አጎቴ ከበለሳ መጡ። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽዬ ገንቦ ይዘዋል። እናቴ ማር መስሏት ደስ ብሏት ተቀበለቻቸው። ስትከፍተው እርጥብ አሸዋ ነው፤ አሸዋው መሐል ደግሞ በፌስታል የታሰረ የኢንሱሊን፣ የሚወጉት የስኳር ሕመም መድኃኒት፣ ብልቃጥ አለ።

«መብራት የለን፣ ፍሪጅ የለን፤ ፍሪጃችን ይቺው ናት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የእንስራ ውኃ ቀትር ላይ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናውቃለን፤ ሸክላው ውኃውን በቀስታ ያወጣል፣ ውኃው ሲተን ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የበለሳ አየር ደረቅ ስለሆነ ይሄ ነገር በደንብ ይሠራል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ይቀመጥ ይባላል። ግን ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ የሚኖረውን ሙቀት ለክተው፣ በዚያው ልክ ኢንሱሊን ፈትነው ነበር። ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ ለአራት ሳምንት የቆየው ኢንሱሊን ጉልበቱን አላጣም፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም። ለካ ስንት ዓመት «ተበላሽቶብኝ ይሆን?» እያሉ ነው የሚወጉት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አጎቴ የተወለዱት በ1971 ዓ.ም. ነው። የ77ቱ ድርቅ ሲመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እናቴ ስለዚያ ጊዜ ስትጠየቅ ወሬ ትቀይራለች። ስኳር የያዛቸው በ27 ዓመታቸው፣ አጥንታቸው ተቆጥሮ፣ ሱሪያቸው በገመድ ታስሮ ነው። መጀመሪያ የሄዱበት ጤና ጣቢያ አንዱ ባለሙያ «ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው፣ አንተን ምን አገኘህ?» ብሎ መለሳቸው። ያን ጊዜ ሊሞቱ ነበር።

ስኳር የሚይዘው የጠገበን ብቻ አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች ይህን ካዩት ቆይቷል። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በአብዛኛው ወንዶችና ድሆች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ስኳር ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። እንደገና ያሉት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ራሱን የቻለ ዓይነት ብሎ መዝግቦት፣ በ1999 ስለሰረዘው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ስም ሰጠው፦ ዓይነት 5። በልጅነቱ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ቆሽቱ በቂ ኢንሱሊን አያመነጭም ነው ሐሳቡ። ዓይነት 1 ላይ የሰውነት መከላከያ ራሱ ቆሽትን ያጠቃል፤ እዚህ እንደዚያ አይደለም። ዓይነት 2 ላይ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል፤ እዚህ ግን ይታዘዛል፣ የሚጎድለው ኢንሱሊኑ ነው። ሁሉም ተመራማሪ በዚህ አልተስማማም፣ መለያ መስፈርቱም ገና እየተሠራ ነው። አጎቴም ዓይነቱን የሚለይ ምርመራ ተደርጎላቸው አያውቅም፤ ስለዚህ የእሳቸው ይሄ ነው ብዬ አልምልም።

ግን የስሙ ጉዳይ የወረቀት ብቻ አይደለም። ሰውነቱ ለኢንሱሊን የሚታዘዝ ሰው፣ በዚያ ላይ የሚበላው እርግጠኛ ያልሆነ ሰው፣ መጠኑ ትንሽ ከበዛበት ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል።

ዓምና በሁዳዴ አጎቴ እንደልማዳቸው ጠዋት ተወግተው፣ ምንም ሳይቀምሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ስድስት ሰዓት ላይ ሲመለሱ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሚስታቸውን በሌላ ሰው ስም ጠሩ። ሰይጣን ያዘው ብሎ ጠበል ሊወስዳቸው የተነሳ ጎረቤት ነበር። ሚስታቸው ግን ገብቷት ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ምን ሆኜ ነው?» አሉ። ይህን የምታነቡ ሰዎች አደራ፣ እንዲህ የሚደረገው መዋጥ ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ተሸክሞ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

«አንቱ፣ ሲጾሙ መርፌው እንዴት እንደሚሆን ሐኪሙን ጠይቀው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ እሱስ መቼ ጠየቀኝ?»

መጠኑን በራሳችን አንነካም፤ ያን ያደረገ ሰው ቀብሬያለሁ። ሰኞ ቀጠሯቸው ነበርና አብሬያቸው ገባሁ። ጾሙን፣ ክረምት ላይ እህል ሲያልቅ በቀን አንዴ ብቻ እንደሚበሉ፣ ዓምና የሆኑትን፣ የ77ቱንም ጭምር ነገርኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችን። የማታውን መጠን ቀነሰችላቸው፣ በጾም ቀን ምን እንደሚደረግ በወረቀት ጻፈችልን፣ ለቀጣዩ ቀጠሮ ምርመራ አዘዘች።

መናኸሪያ ከመድረሳችን በፊት ከሱቅ ከረሜላ ገዝቼ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጨመርኩ። እሳቸው ገንቦዋን ከፍተው አሸዋውን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ ውኃ እንዳመጣላቸው ላኩኝ።