«ጓያ ነው» ያሉት እናት

በክፍሌ ውስጥ አንድ የታካሚ ወንበር ነበር። በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ታካሚ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሁለት እርምጃ እንኳን ሳይራመድ ቁጭ ይላል። አንድ ሰው እግሩ እየከዳው ለወራት ሲመላለስ ሳላየው የቀረሁት በከፊል በዚያ ወንበር ምክንያት ነው። የቀረው ጥፋት የኔ ነው።

ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እኔም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ኤአርቲ ክፍል የገባሁት። ያኔ ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ስታቩዲን ነበር፤ እኛ ዲ-ፎር-ቲ የምንለው። ብዙ ሰው አትርፏል፤ አይካድም። ግን የእግር ነርቭ ይጎዳ ነበር። አንዲት ታካሚዬ «ሲስተር፣ ውስጥ እግሬ ላይ በርበሬ የነሰነሱብኝ ነው የሚመስለኝ» ትለኝ ነበር። በዚያ ብርድ ሌሊት እግሯን ከጋቢ አውጥታ ነው የምትተኛው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. አገሮች ይህን መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ፤ እኛም ተውነው። ዛሬ ብዙው ታካሚ የሚወስደው በቀን አንድ ፍሬ ነው፤ ሦስት መድኃኒት በአንድ የያዘ።

መድኃኒቱ ሄደ፤ የተከለብኝ ልማድ ግን አልሄደም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው «እግሬ» ካለ እጄ ቀድሞኝ «ኒውሮፓቲ»፣ የነርቭ ጉዳት ማለት ነው፣ ብሎ ይጽፋል።

ሰውየው ገበሬ ነው፤ አርባን ያለፈ። መድኃኒት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ ቆይቷል። እንደሱ ያሉትን በየስድስት ወሩ ነው የምንቀጥራቸው። ይመጣል፣ የስድስት ወር መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ፣ መርቆኝ ይሄዳል። ደህና ሰው ስለሆነ አናየውም ማለት ነው። ይህን አሁን ስጽፈው ነው የሚገርመኝ።

ኅዳር ላይ ያለ ቀጠሮው መጣ። ጤፍ እየታጨደ ነው። አጨዳ ጥሎ የመጣ ገበሬ ደግሞ በዋዛ አልመጣም፤ እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

«እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለ።

«ያቃጥልሃል?»

«እንጃ… ይደነዝዘኛል።»

«ጉንዳን የሚሄድብህ ዓይነት?»

«አንዳንዴ… አዎ።»

አያችሁ? «ጉንዳን» የሚለውን ቃል ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ያለው «አልታዘዝ አለኝ» ነው። ለሲስተር «የለም» ማለት ነውር መስሎት እሺ አለኝ፤ እኔም የምፈልገውን መልስ አገኘሁና ደስ አለኝ። ካርዱን ሳገላብጥ ደግሞ ባለፈው ዓመት የቲቢ መከላከያውን አይሶኒያዚድ ስድስት ወር ወስዶ ጨርሷል። አይሶኒያዚድ ቫይታሚን ቢ-6ን ከሰውነት ስለሚያሟጥጥ የእግር ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በቃ፣ ነገሩ ገጠመልኝ። ቢ-6 ጻፍኩ፣ ማታ ማታ የሚዋጥ የነርቭ ሕመም ማስታገሻ፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ጨመርኩ።

የቲቢ ጥያቄዎቹንም ጠይቄያለሁ፤ አልዘለልኩም። ሳል የለም። ትኩሳት የለም። የሌሊት ላብ የለም። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ቀንሷል። በአጨዳ ወር የማይከሳ ገበሬ አለ እንዴ ብዬ አለፍኩት። ደግሞስ መከላከያውን ጨርሶ የለ?

ጥር ላይ ሲመለስ ዱላ ይዞ ነበር። እዚህ ላይ የሌላ አገር ሰው ይፈርድብኝ ይሆናል። ግን የጎጃም ገበሬ ዱላ ይዞ ቢመጣ ማን ልብ ይለዋል? ሳይዝ ቢመጣ ነው የሚገርመው። በፊት ትከሻው ላይ የሚያጋድመውን ዱላ አሁን መሬት ላይ እየተከለ እንደሚሄድ አላየሁም፤ በሩ ጋ ቁጭ ብሏላ! «ብሶብኛል» አለ። የማታውን መድኃኒት ጨመርኩለት። ሊወጣ ሲል «ወገቤንም…» ብሎ ጀመረ። «የአጨዳው ነው፣ ይለቅሃል» አልኩት። ውጭ ሃያ ሰው ተሰልፏል።

መጋቢት ላይ ባጃጅ እስከ በር ድረስ አመጣው። እናቱ ደግፈውታል። እናቱ ሁሉን ያውቃሉ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ መድኃኒቱን የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው። እሱ ወንበሩ ላይ ወደቀ ማለት ይቻላል። እሳቸው አልተቀመጡም።

«ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ጓያ ነው የሰበረው።»

«እማማ፣ ጓያ አይደለም። ነርቭ ነው።»

«ነርቩን አላውቅም ልጀ። ጓያ የሰበረውን ሰው ግን አውቃለሁ። የባሌ ወንድም እንዲህ ነበር።»

እንዲህ ብለው ክፍሌ ውስጥ አሳዩኝ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጉልበታቸውን አጋጥመው፣ ተረከዛቸውን አንሥተው፣ በእግር ጣታቸው እየተነሡ፣ አንዱን እግር በሌላው ላይ እያነባበሩ ሄዱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ልረታቸው ፈለግሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ሰውየውን «ተነሥና እስቲ ሂድ» ያልኩት ለሕክምና ብዬ አይደለም፤ እናቱን ለማሳፈር ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሄደ። እናቱ እንዳሳዩኝ ሄደ።

ጓያን ለማታውቁ፦ በዋልካ መሬት ላይ ዝናቡ ሲወጣ በቀረው እርጥበት የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። ድርቁንም የተኛ ውሃውንም ይችላል፤ ሌላው እህል ሲከዳ እሱ አይከዳም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ፍሬው ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ። በሽሮ መልክ አልፎ አልፎ የቀመሰው ሰው ምንም አይሆንም። በክፉ ቀን ግን ቂጣውም ንፍሮውም ወጡም ጓያ ብቻ ሆኖ ወራት ሲያልፍ፣ ጤነኛ ጎልማሳ አንድ ቀን ጉልበቱ ይገተርበታል። ከዚያ አይመለስም። ሰው ብዙ ይልበታል፤ እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው የሚል አለ፣ ማሳው ውስጥ በባዶ እግር መሄዱ ነው የሚልም አለ። የሚሰብረው መበላቱ ነው። ግን እዚህ አካባቢ ያደገ ሽማግሌ ሁሉ ያንን አካሄድ ከሩቅ ይለየዋል። ኮሌጅ የተማርኩት እኔ ግን አልለየሁትም።

ነገሩ ይህ ነው። የእግር ነርቭ ሲጎዳ እግር ይላላል፣ ይደነዝዛል፤ ሰው መሬቱን ማመን ያቅተዋል፣ በጨለማ ይብስበታል፣ ጫማው ወልቆ ሳያውቅ ይሄዳል። አይገተርም። እግር እንደ እንጨት ሲገተርና እንደ መቀስ ሲተላለፍ ጉዳቱ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ህብለ ሰረሰር ላይ። ጓያም የሚጎዳው እዚያው ያለውን መስመር ነው። እናቱ የበሽታውን ስም ስተዋል፤ ቦታውን ግን ከእኔ በተሻለ አግኝተውታል። እኔ ቁርጭምጭሚት ላይ ስፈልግ እሳቸው ጀርባ ላይ ደርሰዋል።

ጓያ እንዳልሆነ ያወቅሁት ወዲያው ነው። ያ ዓመት የጥጋብ ዓመት ነበር፤ ቤታቸው ጤፍም ስንዴም ሞልቷል። ጓያ ቢሆን ደግሞ መደንዘዝ እምብዛም አይኖርም።

መልሼ አስገባሁትና መመርመሪያ አልጋው ላይ አስተኛሁት። የጉልበት ምት የምናይበት መዶሻ ፈለግሁ፤ የለም። ኖሮም አያውቅም መሰለኝ። በእስቴቶስኮፔ ጠርዝ ጉልበቱን መታ ሳደርገው እግሩ ዘለለ፤ እኔም አብሬው ዘለልኩ። ኒውሮፓቲ ቢሆን ምቱ ይጠፋል ወይም ይደክማል እንጂ እንዲህ አይነሣም። በቁልፌ ጫፍ ውስጥ እግሩን ከተረከዙ ወደ ላይ ሳብ አደረግሁት። አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። በአዋቂ ሰው ላይ ይህን ማየት አይፈለግም።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አልኩት። በዚህ ሁሉ ወር ማንም ሸሚዙን አላስወለቀውም። ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ የጀርባ አጥንቱ መሀል ላይ፣ አንድ ጉብታ ነበር። ትንሽ ናት፤ እጄ ነው ያገኛት እንጂ ዓይኔ አይደለም። ቀስ ብዬ በጣቴ ነካ ሳደርጋት ጥርሱን ነከሰ።

እናቱን ለአፍታ ውጭ እንዲቆዩ ለመንኳቸው። «ሽንትህን መያዝ ትችላለህ?» አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞረ። ሁለት ሳምንቱ ነው አለኝ። «ይሄ ደግሞ በሴት ፊት እንዴት ይወራል?» አለ።

ያኑ ዕለት ሪፈር ጻፍኩ። ሆስፒታል ራጅ ተነሣ፤ ከዚያ ለኤምአርአይ ባሕር ዳር ተላከ። የጀርባ አጥንት ቲቢ ነበር። ሁለት አጥንቶች ተበልተዋል፤ መግሉ ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል። የደረት ራጁ ንጹሕ ነው። ቲቢ በደም ተጉዞ አጥንት ላይ ሲቀመጥ ሳል ላያስከትል ይችላል፤ ይህን ተምሬዋለሁ፣ ለፈተና ጽፌዋለሁ። መከላከያ መውሰድም ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አያደርገውም። ይህንንም አውቅ ነበር። ማወቅና ከሃያ ሰው ሰልፍ ፊት ማስታወስ ለየቅል ነው።

ሕክምናው አንድ ዓመት ነው፤ የሳንባ ቢሆን ስድስት ወር ይበቃው ነበር። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የኤችአይቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪር ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወጣ፣ እሱን በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወስድ ተደረገ። ሁለቱንም መድኃኒት የሚያስታውሱት እናቱ ናቸው። አንድ ቀን አላዛነፉም።

ጉዳዩን በጠዋት ስብሰባችን ላይ ራሴ አነሣሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ወጣት ጤና መኮንን «ሲስተር፣ እኔም ብሆን ኒውሮፓቲ ነበር የምለው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን የባሰ ደነገጥኩ፤ ከማን ተምሮት ነው? ከኔ።

ደብረ ማርቆስ ስሄድ መዶሻ በገንዘቤ ገዛሁ። ወንበሩንም ከበሩ አንሥቼ መስኮቱ ሥር አደረግሁት፤ ለመሄጃ ቦታ እንዲገኝ የካርድ ሳጥኑን ወደ ኮሪደር አወጣሁ። ካርድ ክፍሏ ልጅ እስከዛሬ ትነጫነጭብኛለች። ግን ሰው ሲሄድ ማየት እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ። ሁለት ዓመት «ነርቭ» እየተባለች የኖረች አንዲት እናት ነበረች። ስትሄድ ሳያት አንድ ጎኗን ብቻ ነው የምታነክሰው፤ ሕመሙ ብሽሽቷ ላይ ነው። ራጅ ስትነሣ የዳሌዋ አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሞቷል። ይህ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በበለጠ ይታያል። ሌላው ሰውዬ ደግሞ ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፤ ቁጢጥ ካለበት መነሣት ነው ያቃተው። የሱ ነገር ጡንቻ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ዚዶቩዲን የሚባል የኤችአይቪ መድኃኒት ጡንቻ ሊያደክም እንደሚችል ከካርዱ ጋር አያይዤ ነው የደረስኩበት።

ይህን ስል ግን ኒውሮፓቲ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ብዙ ነው። ቫይረሱ ራሱም፣ ሰውነት በጣም ከተዳከመ፣ ህብለ ሰረሰርን ይጎዳል። አንዳንዱን አካሄድ ደግሞ አይቼም አልገባኝም፤ እንደዚያ ብዬ ጽፌ እልካለሁ። «ኒውሮፓቲ» ብሎ ከመጻፍ «ለምን እንደሆነ አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ያሳፍር ነበር፤ አሁን አያሳፍረኝም።

ሰውየው ዛሬ ይሄዳል። ዱላው አልተለየውም፤ አሁንም መሬት ላይ ይተክለዋል። ሽንቱ ተስተካክሏል። ሞፈር ግን አልጨበጠም፤ የሚያርስለት ታናሽ ወንድሙ ነው። በኅዳር ሸሚዙን አስወልቄው ቢሆን ኖሮ ያርስ ነበር ወይ? ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ባለፈው ቀጠሮው እናቱ አብረውት መጡ። ጓያ ቤታቸው እንዳይገባ እንደከለከሉ፣ ለሽሮ እንኳን እንደማይገዙ ነገሩኝ።

«እማማ፣ ቲቢ ነበር እኮ። ራጁን አይተናል፤ ድኗል።»

«እሱማ አየን» አሉ። «ቲቢውን ማን ጠራው? ጓያው እንጅ!»

መልስ አልሰጠኋቸውም። ልጃቸው ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ወደ በሩ መሄድ ጀምሮ ነበርና እሱን እያየሁ ነበር።