ቀኖቼን የቆጠረችው ሐኪም

ዛሬ ማይግሬን በሚባለው ከባድ ራስ ምታት ላይ፣ በተለይ የሴቶች ማይግሬን ላይ የምትሠራ የነርቭ ስፔሻሊስት ጋ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ወር አበባዬ ነው። ራሴን ሲያመኝ ስልኬ ላይ የመዘገብኳቸውን ቀኖች በጣቷ እየቆጠረች "ይኸው፣ ሁሌም ሊመጣ 2 ቀን ሲቀረው ነው የሚነሳብሽ" አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ "ጭንቀት ነው፣ ውሃ ጠጪ" ስባል ኖሬ፣ ለካ ከወር አበባ በፊት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲወርድ ነው የሚቀሰቅሰው! ማይግሬን ሴቶችን ከወንዶች 3 እጥፍ ገደማ የሚያጠቃበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሆርሞን ነው። እውነት እንባዬ መጣ።

ከዚያ፣ ራሴን ከማመሙ በፊት ዓይኔ ላይ የሚብለጨለጭ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ ዚግዛግ መስመር፣ 20 ደቂቃ ያህል ይቆያል። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና የምወስደውን የወሊድ መከላከያ እንክብል አሳዪኝ አለች። ኢስትሮጅን ያለበት ነው። እንዲህ ዓይነት ማይግሬን ላለባት ሴት የስትሮክን አደጋ ይጨምራል ብላ ኢስትሮጅን ወደሌለው ቀየረችልኝ። ይህን እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

እንደወጣሁ ለእህቴ ደወልኩላት። እሷም ይብለጨለጭባታል፣ የምትወስደውም ያንኑ እንክብል ነው። ቀጠሮ ይዛለች።