ከ214 ወደ 215

ነገሩ የሆነው ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ነው። ወሩ ጥር፤ ውቂያው አልቆ ጤፍና ስንዴው ከየመሠረታዊ ማኅበሩ ወደ መጋዘን የሚጎርፍበት ጊዜ። ኮድ መጻፍ ተምሮ የማያውቀው ሒሳብ ሹም ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር እየተጻጻፈ በአራት ቀን የእህል መረከቢያ ፕሮግራም ሠራ። የገበሬው ስም፣ ኩንታሉ፣ ዋጋው፣ ስልኩና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ይመዘገብበታል። በውጭ አገር ነጻ አገልግሎት ላይ ጭኖት አድራሻውን ለማኅበራቱ ጸሐፊዎች በቴሌግራም ላከላቸው። ድሮ የሚያስመሸው ሒሳብ የማስታረቅ ሥራ በግማሽ ሰዓት ያልቅ ጀመር። ሥራው መልካም ነበር፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅለት።

በሦስተኛው ሳምንት ቢቸና አካባቢ ያለ የአንድ ማኅበር ጸሐፊ ደወለ። «ጋሼ፣ አድራሻው ላይ 214 የሚለውን 215 ባደርገው የሌላ ማኅበር ገበሬ ደረሰኝ መጣብኝ። የባንክ ቁጥሩም አብሮ አለ።»

የአይሲቲ ባለሙያው ያንኑ አድራሻ ጨርሶ ሳይገባ፣ ያለ ይለፍ ቃል ሞከረው። ተከፈተለት። መግቢያ ገጹ ይለፍ ቃል የሚጠይቀው ለይምሰል ነበር፤ ማጣሪያው ያለው በተጠቃሚው ብሮውዘር ውስጥ እንጂ ዳታቤዙ ዘንድ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እንዲህ ባሉ አገልግሎቶች ገጹ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት ይፋ ቁልፍ ገጹ ውስጥ መታየቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሲሠራም እንዲታይ ታስቦ ነው። ጠባቂው መረጃው በተቀመጠበት የዳታቤዝ ሰንጠረዥ ላይ የሚጻፈው የረድፍ ሕግ ነው፤ ማን የትኛውን መስመር ማየት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። ያ ሕግ ጠፍቶ ነበር።

ማን አጠፋው? ሒሳብ ሹሙ ከማሽኑ ጋር ያደረገው ምልልስ ተቀምጦ ስለነበር ወደ ኋላ ተመልሰው አነበቡት። በሁለተኛው ቀን ሒሳብ ሹሙ «መረጃው አይታየኝም፣ ፈቃድ የለህም ይለኛል» ብሎ ጠይቋል። መልሱ የረድፍ ጥበቃውን አጥፋው የሚል ነበር። አጠፋው፣ መረጃው ታየ፣ ሥራው ቀጠለ። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ያ ማስጠንቀቂያ ብልሽት አልነበረም፤ ዘበኛው ሥራውን ሲሠራ ነው። ማሽኑ ግን የተጠየቀው ዝም እንዲያሰኘው ነውና ዝም አሰኘው።

በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ገጹን ለመዝጋት ነበር የተጣደፈው። ባለሙያው ግን ቀድሞ የዘጋው ሰንጠረዡን ነው፤ ቁልፉን የያዘ ሰው ገጹ ቢዘጋም በቀጥታ ዳታቤዙን መጠየቅ ይችላላና። ቀጥሎ ሚስጥራዊው ቁልፍ ተቀየረ። ይህኛው እንደ ይፋው አይደለም፤ የረድፍ ሕጉን ሁሉ ያልፋል፤ እሱም ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ተጭኖ ተገኘ። ፋይሉን መሰረዝ አይበቃም፤ የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት የድሮውን ቅጂ በታሪኩ ውስጥ ያስቀምጣል። መፍትሔው ቁልፉን ማምከን ነው። ከዚያ ማን ምን አየ የሚለውን ለማወቅ የአገልግሎቱን የጥያቄዎች መዝገብ ከፈቱ። ነጻው አገልግሎት የሚያቆየው የአንድ ቀን ብቻ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስለዚህ ሁሉም ታይቷል ብለው ተነሡ፤ ለየማኅበሩ እየተደወለ ገበሬው በስልክ የሚስጥር ቁጥር ለሚጠይቀው ሁሉ እንዳይሰጥ ተነገረው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ «ሠራተኛው በራሱ ነው የሠራው» የሚለው መልስ አያዛልቅም።

ሥራ አስኪያጁ ከዛሬ ጀምሮ ማንም በዚህ ነገር ፕሮግራም እንዳይሠራ አለ። ቆጠራ ሲደረግ ግን ሌሎች አራት ተገኙ፤ የነዳጅ ኩፖን፣ የዓመት ፈቃድ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት፣ አንዱማ ደመወዝ የያዘ። ሁሉም በግል ኢሜይል የተከፈቱ ናቸው። ክልከላ እንዲህ ያለውን ይበልጥ ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያዋጣው ለፕሮግራሞቹ ዩኒየኑ ውስጥ ቤት መስጠት ነበር።

ቤቱም ውድ አልሆነም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የተባለው ስርዓተ ክወናና ፕሮግራሞችን ለያይቶ የሚያሠራው ዶከር ተጫኑ፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ ተገጠመለት። እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ኮንቴይነር፣ ማለትም ከሌላው በተለየ ክፍል፣ ተቀመጠ፤ በዋና አስተዳዳሪ ሥልጣን አይሠራም፣ ከ512 ሜጋባይት በላይ አይወስድም፣ ወደ ኢንተርኔትም በራሱ አይወጣም። ከሁሉም ፊት አንድ በር ቆመ፤ ጥያቄው ፕሮግራሙ ጋ ከመድረሱ በፊት የሠራተኛውን መለያ የሚያጣራው እሱ ነው። በማሽን የተጻፈ መግቢያ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በዚያ መታመን ግን አይገባም። በየወረዳው ያሉት ጸሐፊዎች ዋየርጋርድ በሚባል የተመሰጠረ የግል መስመር ይገባሉ፤ ወደ ውጭ የተከፈተው የዚሁ መስመር በር፣ ዩዲፒ 51820፣ ብቻ ነው። የዳታቤዙ በር ለውጭ አይታይም።

ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ የረድፍ ጥበቃው ዳግም በራ፣ ተሞከረ። 215 አሁንም ተከፈተ! ግማሽ ቀን የፈጀው ይህ ነው። ፕሮግራሙ የሚገናኘው ሰንጠረዡን በፈጠረው ተጠቃሚ ስም ነበር፤ ፖስትግሬስ ደግሞ የሰንጠረዡን ባለቤት ካልተገደደ በቀር ከረድፍ ሕጉ ነጻ ያደርገዋል። ሥልጣኑ የተወሰነ ሌላ ተጠቃሚ ተፈጠረ፣ ሕጉም ባለቤቱን ጭምር እንዲያስገድድ ተደረገ። ያን ጊዜ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ፕሮግራም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና አለበት፦ ከሁለት ማኅበር ሁለት መለያ ይከፈታል፣ የአንዱ አድራሻ ተቀድቶ በሌላው ይሞከራል፣ በመጨረሻም ጨርሶ ሳይገቡ ይሞከራል።

ተጨማሪ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ዝግጁ ኮድ፣ የሚገባው ስሙን ሰው ካየው በኋላ ነው። ማሽኑ አንዳንዴ የሌለ ስም ይፈጥራል፤ ያንን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ ተንኮል የሚያስቀምጥበት ሰው አይጠፋም። መጠባበቂያ ቅጂው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ዲስክ ይወጣል። የመጀመሪያው የመመለስ ሙከራ ሲደረግ ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ተገኘ፤ ዩፒኤሱ ቀድሞ ያለቀበት ሌሊት ነበር። አሁን በየወሩ አንዴ እየተመለሰ ይታያል።

የፕሮግራሞቹ መዝገብ አንድ ገጽ ነው፤ የፕሮግራሙ ስም፣ ባለቤቱ፣ ተተኪው፣ የያዘው መረጃ፣ የሚያበቃበት ቀን። ዘጠና ቀን ሲሞላ ባለቤቱ ካልፈረመ ይቆማል። በሚያዝያ የነዳጅ ኩፖኑ ቀን ደረሰ፤ የሠራው ልጅ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሮ ነበርና ማንም አልፈረመም። ቆመ። በሁለተኛው ቀን የሥምሪት ኃላፊው ቢሮ ድረስ መጥቶ ጮኸ። መዝገቡ ተዘርግቶ ባለቤት የሚለው ባዶ መስመር ታየው። ትንሽ አጉረመረመና ስሙን ጻፈ።