ሄፓታይተስ ኤ፦ ንጽህና ሲሻሻል ወረርሽኙ ለምን ይከብዳል?

ነገሩ ግራ ያጋባል። ንጹህ ውሃና መጸዳጃ ቤት በሌለበት ቦታ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ሰውን የሚይዘው በልጅነቱ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አብዛኞቹ ምልክት እንኳ ሳያሳዩ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ መከላከያ ያገኛሉ። ኑሮ ሲሻሻል ግን ሳይያዝ የሚያድገው ይበዛል። ከዚያ አንድ የተበከለ ምግብ ሲመጣ በሽታው አዋቂዎች ላይ ያርፋል፤ አዋቂን ደግሞ ዓይኑን ቢጫ አድርጎ ለሳምንታት ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሻንጋይ በቅጡ ባልበሰለ የባሕር ዛጎል ሥጋ ሰበብ 300,000 ገደማ ሰው ታሟል።

መከላከሉን የሚያከብደው ጊዜው ነው። ምልክቱ ከ15 እስከ 50 ቀን ይዘገያል፤ ሰውየው በብዛት የሚያስተላልፈው ግን ዓይኑ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ባሉት 2 ሳምንታት ነው። ስለዚህ የታመመውን ከሌሎች ለይቶ ማቆየት ብቻውን ፈጽሞ አይበቃም። አብረውት የሚኖሩትንና የበሉትን ቶሎ መዝግባችሁ አስከትቡ፤ ክትባቱ የሚጠቅመው ከተጋለጡ በ14 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ነው። ለዘላቂ መከላከያ ሁለተኛው ከ6 ወር በኋላ ይደገማል።

እጅን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 20 ሰከንድ እሹ፤ የአልኮል ማጽጃ ይህን ቫይረስ በቅጡ አይገድልም። ምግብ ውስጡ ድረስ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ 1 ደቂቃ ይቆይ። መጸዳጃ ቤትና የበር እጀታ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ቆሻሻ በበረኪና ውስጥ ያለውን ክሎሪን ያደክማልና። ቀጥሎ 1 እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና ከ9 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ቀቡት፤ ቢያንስ 1 ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ይቆይ። ድብልቁ ሲያድር ኃይሉን ያጣል፤ በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።